በክታቡ ውስጥ የተሰፋው ቁልፍ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልተሰጠኝም። ሻይ ሲጣድ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ካላነሳሁ የሚፈላ አይመስለኝም። ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያውን እየዞርኩ ስለማስቸግር የደብረ ታቦር ረዳቶች ሁሉ ያውቁኛል። እናቴ ነገሩን ከአወላለዴ ጋር ታያይዘዋለች። ወራቱ ሳይሞላ ነው የመጣሁት፤ እስከ ዛሬ "ማን ጠርቶህ እንደሆነ እንጃ" ትለኛለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ጥፋት የመሣሪያ ሳይሆን የራሴ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

እኅቴ ታላቄ ናት። አረብ አገር አምስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ለእናታችን ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ጫማ፣ ለጎረቤት ልጆች ከረሜላ ከሻንጣዋ አወጣች። ከሻንጣው ሥር ግን በካልሲ የጠቀለለቻት አንዲት ዕቃ ነበረች፤ እሷን ለማንም አላሳየችም። መልሳ ከልብሷ ሥር ከተተቻት።

እዚህ ላይ ስለ አባታችን መናገር አለብኝ። አባታችን ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ያረፉት እኅቴ በሄደች በሦስተኛው ዓመት ነው። ሠልስቱ እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና ለእሷ እንዳይነገራት ወሰኑ። በአገራችን ደንቡ እንዲህ ነው፤ በሰው አገር፣ በሰው ማድ ቤት ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ማን ውኃ ያጠጣታል? መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ቆሞ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ችግሩ ስልኩ የእኔ መሆኑ ነበር።

እኅቴ በወር አንድ ጊዜ ትደውላለች። ስለ እናታችን፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ትምህርቴ ትጠይቅና "አባባስ?" ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ስፈጥር ኖርኩ። "እርሻ ላይ ናቸው" አልኩ። "ጉና ወጥተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" አልኩ። አንድ ጊዜ ምንም ሲጠፋብኝ "ለቅሶ ደርሰው እየመጡ ነው" አልኳትና፣ ስልኩን እንደዘጋሁ አጥሩን ስዞር አመሸሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልትዘጋ ስትል ያለ ምክንያት "አይዞህ" አለችኝ። ፈተና ላይ ነበርኩና ስለ ፈተናው መሰለኝ።

በመጣች በማግስቱ ማለዳ መርዶው ተነገራት። ደረቷን ስትመታ አንዱን እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለቀስተኛው ሲመጣና ሲሄድ ሰነበተ። ስለ ስልኩ ግን፣ ስለ ሁለቱ ዓመት ውሸቴ፣ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዝምታዋ ከነከነኝ፤ ቤት ውስጥ አብሬያት መቀመጥ አቃተኝ፤ ያለ ጉዳዬ ገበያ መውጣት፣ ያለ ሰዓቴ ቢሮ መግባት ጀመርኩ።

ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ቀን ከቢሮ ስገባ ያቺ በካልሲ የተጠቀለለች ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ፣ ሁለት መስታወት ያላት፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የጌም መጫወቻ ናት። የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ሲገዛላት አሮጌዋን ለእኅቴ ሰጠቻት። እኅቴ ግን አልተጫወተችባትም። አሠሪዋ ስልኳን ቆልፋባት በወር አንዴ ብቻ ትሰጣት ስለነበር፣ ስትደውልልን ድምፁን ከፍ አድርጋ መጫወቻዋን ከስልኩ አጠገብ ታስቀምጥና ትቀዳን ነበር። መጫወቻዋ ድምፅ መቅጃ አላት። አንዱ ቅጂ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም፤ ቦታውም አሥራ ስምንት ብቻ ነው። አሥራ ዘጠነኛ መቅዳት የፈለገ አንዱን ማጥፋት አለበት። እኅቴ አላጠፋችም፤ አሥራ ስምንቱ ሲሞላ መቅዳቷን ተወች።

"የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አባባ ናቸው። የቀሩት አንተ ነህ" አለችኝ።

የአባታችን ድምፅ በሌላ በየትም ቦታ የለም። ስልክ አይወዱም ነበር፤ ስንሰጣቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ከጆሯቸው ራቅ ያደርጉታል፣ ሁለት ቃል ተናግረው ይመልሱታል። የእኔም ስልክ በዚያን ጊዜ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ምንም አይችልም ነበር። ሦስት ጊዜ አሥር ሰከንድ፣ እሱም እዚያች ዕቃ ውስጥ። የታችኛው መስታወቷ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ተሰንጥቆ አልነካ ብሏል፤ ድምፅ መቅጃዋ የሚከፈተው በመንካት ብቻ ነው።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ሆና ሰማችና እሳቱን ቆሰቆሰች። ቆይታም፣ ድምፃቸውን ሰምቼ ብሞት አይቆጨኝም አለች። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ሴት አይደለችም። ከዚያ በኋላ እኔ ቁጭ የምልበት ምክንያት አልነበረም።

ሙያዬ ኮምፒውተር ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለሙያ የተባልኩት አብዛኛውን ቀን ከፕሪንተር የተጣበቀ ወረቀት ስለማወጣ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ የገዛ ዕቃቸው ተቆልፎባቸው መኖሩ የሚያናድዳቸው ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ አወቅሁ። ለእነዚህ መጫወቻዎች በየቤታቸው ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ባለ ፋብሪካው አያውቀውም፣ አልፈቀደውም። ፕሮግራሙን በሚሞሪ አስገብቶ በመጫኛዎቿ ብቻ፣ መስታወቱን ሳይነኩ፣ የሆዷን ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ መገልበጥ ይቻላል። መመሪያውን ሳነብ የገዛ ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ፤ እነሱም መጠበቅ የማይችሉ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን አለ። ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ተመስጥሮ የተቀመጠ ነው። እያንዳንዷ መጫወቻ አብሯት የተፈጠረ የራሷ ቁልፍ አላት፤ የአንዷ ቁልፍ የሌላዋን አይከፍትም። ስለዚህ ሁለት ፋይል ማውጣት ያስፈልጋል፤ አንዱ የሆዷ ግልባጭ ነው፣ ትልቅ፤ ሌላው ቁልፏ ነው፣ ከአንዲት የስልክ መልእክት ያነሰ። ቁልፉ ከጠፋ ግልባጩ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው፤ ማንም አይፈታውም።

መጀመሪያ ባሕር ዳር ሄጄ የእኅቴን የመሰለች አሮጌ መጫወቻ ገዛሁ። አሳቤ የዚህችን ደህና መስታወት ነቅዬ ለእኅቴ መጫወቻ መግጠም ነበር፤ ስነቅለው በችኮላዬ ቀጭኗን ሽቦ በጠስኳት። እኅቴ አጠገቤ ነበረች፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ ወጣች። ቢያንስ መለማመጃ ትሁነኝ ብዬ ቁልፏንና ግልባጯን አወጣሁ። ሠራ። በወሩ ከእኅቴ መጫወቻ ላይ አወጣሁ፤ ያም ሠራ። ፕሮግራሙ ለሁሉም ቁልፍ አንድ ዓይነት ስም ስለሚሰጥ እንዳይቀላቀሉብኝ በሁለት ማኅደር ለያየኋቸው። የመለማመጃዋን መሣሪያዋ ራሷ በሰዓቷ፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን ሰይማው ነበር። የእኅቴን እኔ በእጄ ሰየምኩት፤ ያን ቀን የቢሮ ደብዳቤ ስጽፍ ውዬ ነበርና በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩት። ይህች ትንሽ ነገር በኋላ ምን እንደምታመጣ ማን ያውቃል?

ግልባጩን ኮምፒውተር ላይ የሚከፍተውን ሌላ ፕሮግራም አላወረድኩም ነበር። ይደርሳል ብዬ ትቼው ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ጠፍቶም ከረመ። በዚህ መሃል የእኅቴ መጫወቻ ባትሪዋ አብጦ ጀርባዋን ፈለቀቀው፤ አንድ ቀን ጠዋት ስጫናት አልበራችም፣ ከዚያ ወዲያም አልበራችም። አሁን የቀረን የቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ግልባጭና ቁልፉ ብቻ ነው።

ለእናቴ ነገሩን ሳስረዳት ቁልፍ የሚለውን ቃል ይዛ ቀረች። ቁልፉ የታለ አለችኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ነው ስላት፣ ቁልፍን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ሳጥን የሚቆልፍ ሰው ምን ይሉታል ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነበር። ቁልፉን ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ገልብጬ ሰጠኋት።

እናቴ ከማተቧ ጋር የምታንጠለጥለው በቆዳ የተሰፋ ክታብ አላት፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አንገቷ ላይ ነው። የክታቡን ስፌት በመርፌ ፈታች። ሚሞሪውን፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጧፍ በእሳት አለስልሳ ዙሪያውን በሰሙ ሸፈነችው፤ ብራናዋንም ላብ እንዳያበላሽባት ድሮ የሸፈነችው በዚሁ ዓይነት እንደሆነ ነገረችኝ። ከብራናው አጠገብ ከተተችና መልሳ ሰፋችው። እኔ ሳቅሁ። ሌላ ቅጂ አለኝ፣ ምን ያደክምሻል አልኳት። "እሱን አንተ ያዘው" አለች። "ይኸኛው ግን ካንገቴ አይወርድም።"

ከጥቂት ወራት በኋላ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ፎርማት ይደረጉ ተባለ። የግል ፋይሌን ወደ ላፕቶፔ የማዛውርበት ግማሽ ቀን ነበረኝ፤ እኔ ደግሞ በሩብ ሰዓት ልጨርሰው ተጣደፍኩ። ላፕቶፑ ቦታ አልነበረውም። ግልባጩን አዛወርኩ። ቁልፎቹ ጋ ስደርስ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች በሁለት ማኅደር አየሁ፤ አንዱ ማኅደር ከሌላው ሰባት ዓመት የሚያረጅ ቀን ተጽፎበታል። ያረጀውን ለምን ልሸከም? ሰረዝኩት፤ አዲሱን ያዝኩ። ኮምፒውተሩን በዚያው ፎርማት አድርጌ ምሳ ሄድኩ። ሽሮ በላሁ፤ ምንም አልተሰማኝም።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቢሮው በስልክ ጩኸት ተሞላ፤ ሁሉም ዘመዱን ያያል። እኔ መክፈቻውን አወረድኩ። ግልባጩን ሰጠሁት፤ ቁልፍ ጠየቀኝ፤ ቁልፍ ሰጠሁት። ቁልፉ ልክ አይደለም አለኝ። ደግሜ ሰጠሁት። ልክ አይደለም። አምስት ጊዜ ያህል ካደረግሁት በኋላ የማኅደሩን ስም አየሁት። አንዱ በእኛ ነው፣ አንዱ በፈረንጅ። በእኛ የተጻፈው ሰባት ዓመት የሚያረጅ ይመስላል። ያረጀ ብዬ የሰረዝኩት የእኅቴን ቁልፍ ነው። የያዝኩት የመለማመጃዋን ነው።

በየቀኑ ሁለቱን አቆጣጠር ስቀይር የምውል ሰው ነኝ። ለአዲስ አበባ ደብዳቤ በእኛ፣ ለዕቃ ግዥ ሰነድ በፈረንጅ። ሕፃን እንኳ አይሳሳተውም። ከዚያ የከፋ አሳብ መጣብኝ። ምናልባት እጄ ሆን ብሎ ቢሆንስ? ያቺ ግልባጭ ከተከፈተች የአባታችን ሦስት ቅጂ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የእኔም አሥራ አምስት ውሸት ነው። ያን ከእኅቴ ጋር ቁጭ ብዬ ከምሰማ ሁሉም እንዲጠፋ መርጬ ይሆን? አላውቅም። እስከ ዛሬም ራሴን አላመንኩትም።

የቀረው የእናቴ አንገት ነው። እናቴ ደግሞ ያን ሳምንት ቤት አልነበረችም፤ ጉልበቷን ለማስታመም ከእኅቴ ጋር ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ ሰባት ቀኗን እየጨረሰች ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ፍል ውኃው ውስጥ ትገባለች። ማተብ ደግሞ ለመታጠብ ተብሎ አይፈታም። ሰሙ በሙቀቱ ሊቀልጥ እንደሚችል ሲታሰበኝ ላፕቶፔን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ለማንም ሳልናገር ከቢሮ ወጣሁ። እኅቴ ጋ ደወልኩ፤ ጥሪው አይሄድም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አልጠብቅ ብዬ ቀድሞ የሚወጣ ፈለግሁ፤ የተውኩት ሞልቶ ሄደ፣ የተሳፈርኩበት ሳይሞላ ቆየ። ወረታ ደርሼ ሌላ መኪና ያዝኩ። ሐሙሲት ስወርድ ከዚያ ወዲያ ያለው መኪና ሁሉ የአንበሳሜ ገበያተኛ ይዞታል፤ በጆንያ በርበሬና በሁለት ዶሮዎች መካከል ቁጭ ብዬ፣ ሾፌሩ ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ጥርሴን አፋጨሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የሞተብህ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የለም እማማ አልኳቸው። ላፕቶፑን አቅፌ ስለያዝኩት ይመስለኛል፣ ላብስልህ እያሉ በእጃቸው አቧራውን እስከ መጨረሻው ሲያራግፉልኝ ሄዱ።

እናቴን ከተከራዩት ጎጆ በር ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ እንደረጠበ ነው። ክታቡ ደረቷ ላይ ነበር፤ ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሰላም እንኳ ሳልል ክታቡን ስጪኝ አልኳት። እኅቴ ድምፄን ሰምታ ከውስጥ ወጣች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ማኅደሩ፣ ስለ ቀኑ፣ ያረጀ መስሎኝ ስለመሰረዜ። ሳልተነፍስ ነው የነገርኳቸው።

እናቴ አልጮኸችም። ቁጭ በል አለች። መንገደኛ ሳይቀምስ ነገር አይጀምርም ብላ በሶ በጠበጠችልኝ፤ ጣሳውን ተቀብዬ ሳልቀምሰው አጠገቤ አስቀመጥኩት። እሷ ክታቡን ከአንገቷ አውልቃ ሳይሆን እንዳለ ወደ ፊቷ ስባ፣ መርፌ ከነጠላዋ ጥለት ነቅላ ስፌቱን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ልርዳሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ በመርፌው ገፋችኝ። የአንተ እጅ ይህን አይነካም አለች። ስንት ስፌት እንደነበረው ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ሃያ ሦስት ነበር። ከሃያ ሦስቱ አንዱን እንኳ አልበጠሰችም።

ሰሙ ሙሉ ነበር። በጥፍሯ ስትሰነጥቀው ሚሞሪው ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ላፕቶፑ ውስጥ ስከተው መጀመሪያ አላነበበውም፤ በሁለተኛውም። በሦስተኛው አነበበው። አንዲት ትንሽ ፋይል። ሰጠሁት። ግልባጩ ተከፈተ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ቁጥር የተጻፈባቸው ድምፆች ተደረደሩ።

ሦስታችን ደጃፉ ላይ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ከፈትኩት።

"ይሰማል?" አሉ አባታችን። ራቅ ብለው ነው የሚናገሩት፤ እንደ ልማዳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሆናል። "ይሰማል ወይ?"

"ይሰማል" አለች እናቴ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብላ።

"ልጄ፣ ገብሱ አፍርቷል። ብርዱ ግን ጠንቷል።" ከዚያ ለእኔ፦ "እንካ፣ ያዝልኝ ይኸን።" አሥሩ ሰከንድ አለቀ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ድጋሚ አለች። ደገምኩላት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ሰማን። በሁለተኛው ሳል ብቻ ነው ያለው፣ በሦስተኛው ስለ አንዲት ላም ይናገራሉ። እናቴ ለእያንዳንዱ መልስ ትሰጥ ነበር። ስንቴ እንደሰማናቸው አላስታውስም። እኔም አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እኅቴ እጄን ያዘችኝ።

"አራተኛውን ክፈተው።"

"ተይው፣ እታለም።"

"ክፈተው አልኩህ።"

ከፈትኩት። የእሷ ድምፅ "አባባስ?" አለ። ከዚያ ጸጥታ፤ ሩቅ የውሻ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ የአንድ ልጅ ድምፅ፣ ቀጭን፣ "እርሻ ላይ ናቸው። ደህና ናቸው" አለ። አፈርኩ። ድምፄ ያን ያህል ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"እዚህ ላይ ነው ያወቅሁት" አለች እኅቴ።

ያለችው አልገባኝም። ምኑን ነው ያወቅሽው አልኳት።

"አንተ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ የምትመልስ ልጅ ነህ። አባባስ ስልህ ዝም አልክ። ከአሥሩ ሰከንድ ሦስቱን ዝም አልክ። ደጋግሜ ሰማሁት፤ ቆጠርኩት። አንተ ቆም ብለህ ያሰብከው አባባ ቢሞቱ ነው።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። እኅቴ እዚያ፣ በሰው ማድ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን ሆና አውቃለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሽማግሌዎቹ እንዳይሆን የፈሩት ሁሉ ሆኗል፤ ማንም አልያዛትም፣ ማንም ውኃ አላጠጣትም። ታዲያ በመርዶው ዕለት የነበረው ለቅሶ ምን ነበር አልኳት።

"የሚይዘኝ ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነዋ" አለች።

"ካወቅሽ በየወሩ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?"

 ክታቡ ውስጥ የነበረውን ሰም ከመሬት አንስታ በጣቶቿ መሃል አለሰለሰችው።

"የአባባን ቅጂ መስማት አቃተኝ። አሥር ሰከንዱ ሲያልቅ ያው ሞተዋል። የምሰማው የአንተን ነበር። በአንተ ቅጂ ውስጥ እርሻ ላይ ናቸው። ጉና ወጥተዋል። ለቅሶ ደርሰው እየመጡ ነው። በየወሩ እንደጠየቅሁህ በየወሩ አባባን አንድ ቦታ ታደርስልኝ ነበር።"

 አሥራ አንደኛውን እሷ ራሷ ከፈተችው። ለቅሶ ደርሰው እየመጡ ነው ያልኩበት አልነበረም፤ ሌላ ነው፤ እኔ ስለ ገበያ እየቀባጠርኩ ሳለሁ በመጨረሻዋ ሰከንድ የእሷ ድምፅ "አይዞህ" ይላል። ስለ ፈተናው የመሰለኝ ያ ነው። ያን ጊዜ ለቅሶ እየደረሰችኝ ነበር።

የእኔን አሥራ አምስት ቅጂ አጥፍቼ የአባባን ሦስቱን ብቻ ላስቀምጥላት እንደሆነ ጠየቅኳት። አንዲቱን እንዳትነካ አለችኝ። ቁልፉን እዚያው ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩ፣ ስልኬ ላይ ገለበጥኩ፣ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ቀኑን ጻፍኩበት። ከእንግዲህ ሚሞሪው እንደማያስፈልግ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አልሰማችኝም። ሰሙን ከእኅቴ እጅ ተቀብላ ሚሞሪውን እንደገና ሸፈነችው፣ ከብራናው አጠገብ መለሰችው፣ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች። ሃያ ሦስቱን ስፌት እስክትጨርስ ድረስ በሶዬን እየጠጣሁ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።